ኮርቬር በዘይት ምክንያት አትጣል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ አሮጌ የአሜሪካ መኪናዎች የወጣው ጽሑፍ ሸቭሮሌት ኮርቬርን ዘይት የምታፈስና ለነጂዋ የማትታመን ብሎ በአንድ መስመር አልፏታል። ስሟ ያለ ምክንያት አልጠፋም፤ ሁለቱም ችግር ነበረባት። ነገር ግን የችግሮቹ መነሻ የታወቀ፣ ጥገናቸውም ቀላል ስለሆነ፣ ልትገዙ ያሰባችሁ አንባቢዎች ብታውቁት ይጠቅማችኋል።

ኮርቬር ከ1960 እስከ 1969 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ድረስ የተሠራች፣ ሞተሯ ከኋላ የተቀመጠ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ባለ ስድስት ሲሊንደር መኪና ናት። ራዲያተር የላትም፤ ውኃ አይፈላባትም። ክብደቷ ከኋላ ስለሆነ መሪዋ ያለ ምንም ረዳት ቀላል ነው፤ በረዶ ላይም ጥሩ ትይዛለች። ወዳጆቿ የሚወዷት በዚህ ነው።

ዘይቱ በአብዛኛው የሚፈሰው ከአንድ ቦታ ነው። ሞተሩንና ቴስታታዎቹን (የሲሊንደሮቹን ክዳኖች) የሚያገናኙ፣ ፑሽሮድ የሚባሉት የቫልቭ መግፊያ ዘንጎች የሚያልፉባቸው 12 ቱቦዎች አሉ፤ በየጫፋቸው አንድ አንድ፣ በድምሩ 24 ኦሪንግ (ቀለበት መሰል የጎማ ማሸጊያ)። ፋብሪካው የገጠመው ጎማ በሙቀት ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ዘይቱም በጋለው የጭስ ማውጫ ላይ ይንጠባጠባል። ከ1961 ጀምሮ ማሞቂያው ሲሊንደሮቹን ያቀዘቀዘውን አየር ወደ ውስጥ ስለሚያስገባ የተቃጠለው ዘይት ሽታ ተሳፋሪው ጋ ይደርሳል። የጭስ ማውጫው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ከለቀቀ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድም በዚያው መንገድ ይገባልና ብርድ ሳይመጣ ይፈተሽ።

መፍትሔው ቫይተን ከሚባል ሰው ሠራሽ ጎማ የተሠራ ኦሪንግ ነው። ሙቀቱን ይችላል። 24ቱም በአንድ ጊዜ ይቀየሩ፤ የሚያፈሰውን ብቻ መቀየር ሥራን መደጋገም ነው። ኦሪንጉ የሚቀመጥበት ቦይ ላይ የጋገረው ካርቦን በደንብ ተፍቆ ይነሳ፤ አዲሱ ኦሪንግ ዘይት ተቀብቶ ሳይጠማዘዝ ይግባ። ፑሽሮዱ ሲመለስ ጎኑ ላይ ያለችው ቀዳዳ በሮከሩ (ቫልቩን በሚጫነው ክንድ) በኩል መሆን አለባት። ተገልብጦ ከገባ ሮከሩ ዘይት አጥቶ ይበላል።

ስለ አያያዟ። እስከ 1964 ሞዴል ድረስ የኋላው ሴሚያስ (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) የሚታጠፈው ዲፈረንሻሉ በኩል ብቻ ስለነበር በፍጥነት ሲታጠፉ የኋላ ጎማው ከሥር ሊገባ ይችል ነበር። ለዚህ ነው ፋብሪካው የፊት ጎማ 15፣ የኋላ 26 ፒኤስአይ ንፋስ ያዘዘው። አራቱንም እኩል የሚሞላ ሰው መኪናዋን አደገኛ ያደርጋታል። በ1965 የኋላ እግሯ (የኋላ ጎማዎቹን የሚይዘው ክፍል) ሙሉ በሙሉ ተቀይሯል፤ ምርጫ ካላችሁ ከዚያ ወዲህ ያለችውን ግዙ።

ጽሑፉ ያላነሳው ቺንጋውን (የሞተሩን ቀበቶ) ነው፤ መንገድ ላይ የሚያስቀረው ግን እሱ ነው። ከሞተሩ ኋላ ካለው ፑሌጃ ተነስቶ፣ 90 ዲግሪ ተጠማዞ፣ አናቱ ላይ በአግድም የተኛውን ቬንቲሌተር (የማቀዝቀዣ ማራገቢያ) ያዞራል። እስከ 1963 ያለው ቬንቲሌተር ከባድ ስለሆነ እግር ከነዳጅ መርገጫው ላይ ድንገት ሲነሳ በራሱ ጉልበት መዞሩን ይቀጥልና ቺንጋውን ይጥለዋል። በ1964 ቀላል የማግኒዚየም ቬንቲሌተር መጣ። ጎኑ በጨርቅ የተሸፈነ ቺንጋ ይገጠም፤ ከልክ በላይ ከተወጠረ ኩሽኔቶቹን ይበላል። ክሩስኮቱ ላይ «ጄን-ፋን» የሚለው መብራት ከበራ ቺንጋው ወድቋል ማለት ነውና ሞተሩ ወዲያው ይጥፋ፤ ትንሽ ልሂድ ያለ ሰው የቫልቭ መቀመጫዎቹን ከአሉሚኒየሙ ቴስታታ ያስለቅቃል። መለዋወጫ ቺንጋና የ9/16 ኢንች ቁልፍ ከመኪናዋ አይጥፋ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የመኪና ጥገና ባለሙያ