ያቺን ወረቀት ላነበባችሁልን

ለምንወዳችሁ ወገኖቻችን፣

ታናሽ ወንድሜ ባለፈው ሰኞ ወደ ሥራ ተመለሰ። የቀን ሺፍት ነው፤ የሌሊት የሚባል ነገር እናታችን ጆሮዋም አይሰማም። ይህን ለእናንተ ለመንገር 19 ወር ሙሉ ስንመኝ ኖረናል።

የደረሰበትን አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። እዚህ ሜሪላንድ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማይርቅ ጋዝ ስቴሽን ሌሊት ካሸር ሆኖ ሲሠራ አንድ ወጣት መሣሪያ ይዞ ገባ። ገንዘቡን ሰጠው። ከተቀበለው በኋላ ተኮሰበት። ሁለት ጥይት፤ አንዱ ሆዱን፣ አንዱ ዳሌውን። ስለዚያች ሌሊት ከዚህ በላይ አልጽፍም። እሱም እንዲጻፍ አይፈልግም።

በቅድሚያ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ተራ ገብታችሁ ያደራችሁልን ሁሉ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እናታችንን በግድ ያጎረሳችሁ እህቶች፣ ብድራችሁን እሱ ይክፈላችሁ። የዕድራችን ደንብ ስለ ሞት እንጂ ስለ ቁስል የሚለው ነገር የለም። እናንተ ግን ስብሰባ እንኳ ሳትጠሩ አዋጥታችሁ የሦስት ወር የቤት ኪራይ ከፈላችሁ። አባቶቻችን ካህናት፣ ጸሎታችሁ አልተለየንም። አብረውት የሚሠሩት የኤል ሳልቫዶርና የባንግላዴሽ ልጆችም አሉ። ይህን ባያነቡትም እነሱን ሳላነሣ ባልፍ ነውር ነው።

አሁን ስለ ወረቀቷ ልንገራችሁ።

ከሆስፒታል ስንወጣ ዕቃውን በነጭ ላስቲክ ከረጢት አድርገው ሰጡን። ልብሱን ፖሊስ ለማስረጃ ወስዶታል። ውስጡ የቀረው ጫማው፣ የቤት ቁልፉ፣ ደረቱ ላይ የሚያደርጋት የስም ባጅ እና ለአራት የታጠፈ ወረቀት ነበር። እናታችን ያን ከረጢት ማየት አልቻለችም። ቁም ሳጥን አናት ላይ አስቀመጠችው። አምስት ወር እዚያው ከረመ።

በአምስተኛው ወር አንድ የሥራ ባልደረባው ደወለ። «ሰውየው ወጥቷል እንዴ? አሁን በዚህ ሲያልፍ አየሁት» አለ። አላመንም። ግን እውነት ነበር። ወንድሜን የመታው ልጅ የፍርድ ቀኑ እስኪደርስ በዋስ ተለቅቋል። አንድም ሰው አልነገረንም። ወንድሜ ያኔ በክራንች ነው የሚሄደው። እናታችን ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ የምግብ ጠረጴዛውን ወንበር ጎትታ በሩ ላይ ማስደገፍ ጀመረች።

ያቺ ልጅ የመጣችልን ይሄኔ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጅ ናት፣ ሕግ ትማራለች። ስሜ እንዳይጠራ ብላኛለችና አልጠራውም። ቡና እየጠጣን ስልኳን አወጣች። የሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች መዝገብ የሚፈለግበትን ድረ ገጽ ከፈተች። የሰውየውን ስም ጻፈች። ሦስት መዝገብ መጣ። አንዱ በመሣሪያ የተፈጸመ ዘረፋ ነበር። ጥፋተኛ ተብሎ፣ አብዛኛው እስራት ታግዶለት፣ ፕሮቤሽን ላይ ነበር፤ ማለትም ከእስር ውጭ ሆኖ በክትትል ሥር። ወንድሜን የመታው በዚያ ፕሮቤሽን ላይ እያለ ነው።

ይህ ሁሉ ምስጢር አልነበረም። ማንም ሰው በነጻ ገብቶ የሚያየው መዝገብ ነው። እኛ ግን «ጉዳዩን መንግሥት ይዞታል፣ እኛ ምን አገባን» ብለን አምስት ወር ተቀምጠናል። ከአገራችን ይዘነው የመጣነው ልማድ ይመስለኛል። የመንግሥት መዝገብ ሲባል እጃችንን እንሰበስባለን።

ከዚያ «ሆስፒታል እያላችሁ ምንም ወረቀት አልሰጧችሁም?» ብላ ጠየቀችን። ከረጢቱ ወረደ። ወረቀቱን ስትዘረጋው አየሁት። ጥቅጥቅ ያለ እንግሊዝኛ ነው፤ ከታች የፊርማ ቦታ አለው፣ ባዶ። በሜሪላንድ ሕግ የወንጀል ተጎጂ ስለ ችሎት ቀጠሮው፣ ስለ ውሳኔው፣ ስለ ሰውየው መፈታት እንዲነገረው መብት አለው። ግን መጀመሪያ ራሱ ቅጽ ሞልቶ «ይነገረኝ» ብሎ መጠየቅ አለበት። ያ ቅጽ ነበር። ወንድሜ አፍንጫው ውስጥ ቱቦ ገብቶ ተኝቶ ሳለ አጠገቡ ትተውለት የሄዱት ወረቀት። አልፈረመም። ስላልፈረመም ማንም ሊነግረን አልመጣም።

ያን ማታ ጠረጴዛው ላይ አብራን ሞላችው። እያንዳንዱን መስመር ለእናታችን ጭምር በአማርኛ እያስረዳች። በነጋታው ራሷ ወስዳ አስገባችው። በሳምንቱ ደግሞ ይዛኝ ወደ ስቴቱ ምክር ቤት ተወካያችን ቢሮ ሄደች። እዚያ የተቀበለችን ሠራተኛ ስንናገር አላቋረጠችንም። የጻፍነው ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይህን ሰው ማን ይከታተለው ነበር? ሲፈታስ ለምን አልተነገረንም?

መልሱ በሰባተኛው ሳምንት ከአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መጣ። ሁለት ገጽ ነው። ሰውየው የፕሮቤሽን ቀጠሮውን ሁለት ጊዜ እንደቀረ፣ ይህም ለዳኛው ዘግይቶ እንደተነገረ ያምናል። ቅጹን ለቤተሰቡ በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት ይገባ እንደነበርም ያምናል። መጨረሻው ላይ ይቅርታ አለበት፣ ፊርማም አለበት። መሥሪያ ቤቱን ለማሳጣት ስላልተነሣሁ ስሙን አልጽፍም። ነገር ግን ከመንግሥት «አጥፍተናል» የሚል ደብዳቤ በእጄ ስይዝ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። ለእናታችን ሳነብላት «እስቲ ድገሚው» አለችኝ። ደገምኩላት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ይሁንልኝ። የሰውየው ታሪክ ይነገረን ስንል ዘሩን አልጠየቅንም፣ ከየት እንደመጣም አልጠየቅንም። እኛም ስደተኞች ነን። አንድ ሰው ባጠፋ ቁጥር «የየት አገር ሰው ነው?» መባል ሲጀመር ጣጣው ዞሮ የማን ደጅ እንደሚመጣ እናውቀዋለን። እኛ የጠየቅነው የሠራውን ነው። ምን አጥፍቶ ነበር? ማን ለቀቀው? ምን ግዴታ ገብቶ? ግዴታውን ሲያፈርስ ማን አየው? የተኮሰው ልጅ እናት ችሎት ላይ ከኋላችን ተቀምጠው ሲያለቅሱ ሰምቻለሁ። በጊዜው የሚከታተለው ቢኖር ኖሮ እሳቸውም እዚያ ወንበር ላይ ባልተቀመጡ።

አግኝቻቸው የማላውቃቸውን አንዲት እናትም ማመስገን አለብኝ። ወይዘሮ ሮበርታ ሮፐር ይባላሉ። ልጃቸው ስቴፋኒ የ22 ዓመት የኮሌጅ ተማሪ ነበረች። በ1982 (እ.ኤ.አ.) እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ ተጠልፋ ተገደለች። ችሎቱ ሲካሄድ ወላጆቿ ከአዳራሹ ውጭ እንዲቆዩ ተደረገ። ቅጣቱ ሲወሰንም እናት ስለ ልጃቸው እንዳይናገሩ ተከለከሉ። ስለ ገዛ ልጃቸው! እሳቸውና ባለቤታቸው ግን ኀዘናቸውን ይዘው ቤት አልቀሩም። ሰው አሰባሰቡ፣ ምክር ቤት ደጅ ጠኑ፣ ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ አልተዉትም። በ1994 የተጎጂዎች መብት በስቴቱ ሕገ መንግሥት የመብቶች መግለጫ ውስጥ አንቀጽ 47 ሆኖ ገባ። የጀመሩት ማኅበር ዛሬም ለተጎጂዎች ጠበቃ ያቆማል።

ወንድሜ ቅጣቱ በተወሰነበት ቀን ተነሥቶ የተናገረው እኚህ እናት በተከለከሉት መብት ነው። በአማርኛ ነው የተናገረው። ለዳኛዋ ስለ ቀዶ ሕክምናዎቹ ነገራቸው፤ ደረጃ መውጣት ስለማይችል ስለተቀየረው ቤት ነገራቸው። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረና «ገንዘቡን ሰጥቼህ ነበር እኮ» አለው። ሌላ አልጨመረም። አስተርጓሚዋ ትንሽ ዝም ብላ ነው ወደ እንግሊዝኛ የመለሰችው። እህቴ፣ ያቺን «እኮ» እንዴት አድርገሽ እንዳሻገርሻት አላውቅም። ግን ልጁ አንገቱን ደፋ። እናመሰግንሻለን።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ ብዙ ቤት የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነውና። ወንድሜ ኢንሹራንስ አልነበረውም። ቢሉ በየፖስታው ሲመጣ እኔ እየደበቅኩ ጫማ ሳጥን ውስጥ አጠራቅም ነበር። ከተጎጂዎች ጋር የምትሠራው ሴትዮ ያን ሳጥን ጠረጴዛዋ ላይ ደፋችው። ወረቀቱን በቀን በቀኑ ደረደረች። ሜሪላንድ ለወንጀል ተጎጂዎች ካሳ የሚከፍል ቦርድ ያቋቋመው በ1968 እንደሆነ የነገረችን እሷ ናት። ኢንሹራንስና ሌላው ሁሉ ከከፈለ በኋላ የቀረውን፣ በወሰኑ መጠን፣ ይሸፍናል። ሕክምናውንም ያጣነውን ደሞዝም አስልታ ጠየቀችልን። ዜግነትም ሆነ ግሪን ካርድ ማንም አልጠየቀንም። ወረቀት የለኝም ብላችሁ የምትፈሩ ካላችሁ ይህን ልብ በሉልኝ።

ከገንዘቡ ውስጥ ከፊሉ የሚመጣው በ1984 በወጣ የፌዴራል ሕግ ከተቋቋመው የወንጀል ተጎጂዎች ፈንድ ነው። ከግብር አይደለም። በፌዴራል ፍርድ ቤት ጥፋተኛ የተባሉ ሰዎችና ኩባንያዎች ከሚከፍሉት ቅጣት የሚጠራቀም ነው። አጥፊው ከፍሎ ተበዳዩ የሚካስበት መሆኑን ስትሰማ እናታችን «ይሄስ ፍርድ ነው» አለች። ግን ቅጣቱ ሲቀንስ ፈንዱም ይቀንሳል። በ2018 ኮንግረስ ከፈንዱ እንዲወጣ የፈቀደው 4.4 ቢሊዮን ዶላር ነበር። በ2024 ወደ 1.35 ቢሊዮን ወርዷል። በ2021 ፈንዱን ለመደገፍ ሕጉ ተሻሽሎ ነበር፤ ጉድለቱ ግን አልሞላም። ይህ ቁጥር እኛ ዘንድ ሲደርስ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። የምትረዳን ሴትዮ አጠገብ ሁለት ባዶ ጠረጴዛ አለ። የእነሱንም ሥራ ደርባ ትሠራለች። ለእኛ የምትደውልልን በምሳ ሰዓቷ ነበር፤ እያኘከች ይቅርታ እየጠየቀች። እህታችን፣ ምሳሽን ስለበላንብሽ ይቅር በዪን። የኮንግረስ ተወካያችን ቢሮ ደውዬ ስለ ፈንዱ ጠይቄአለሁ፤ እንደገና እደውላለሁ። እናንተም ብትደውሉ ስልክ የሚያነሣ ሰው አለ።

አንድ ምስጋና ቀርቶኛል። ከኬንታኪ ነው። በ1993 ሉዊቪል ውስጥ ሜሪ ባይረን የምትባል ልጅ 21 ዓመት በሞላት ቀን በቀድሞ ጓደኛዋ ተገደለች። እሷን በማጥቃት ታስሮ ነበር። በዋስ መውጣቱን የነገራት ሰው አልነበረም። በዓመቱ እዚያው ከተማ እስረኛ ሲፈታ ለተጎጂው በስልክ የሚያሳውቅ ሥርዓት ተጀመረ። ቫይን ይሉታል። ዛሬ ሜሪላንድም አለ፤ ሕግ የምትማረው ልጅ የእናታችንን ስልክ አስመዘገበችበት።

ባለፈው ወር አንድ ማታ ደወለ። የተቀረጸ ድምፅ ነው፤ የሚስጥር ቁጥር እስኪነካለት ድረስ ደግሞ ደጋግሞ ይደውላል። እናታችን ቁጥሩን ከቤተ ክርስቲያን ካላንደር ጠርዝ ላይ በእርሳስ ጽፋዋለች። መነጽሯን አደረገች፣ አንድ በአንድ ነካችው። ሰውየው ከአንድ እስር ቤት ወደ ሌላ ተዛውሯል፣ ይኸው ነው። አልተፈታም። ተረጎምኩላት። ዝም ብላ ተነሣች። ወንበሩን ከበሩ ላይ አንሥታ ወደ ጠረጴዛው መለሰችው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤታችን ቡና ይፈላል። ሁላችሁም ኑልን።

እህቱ፣ ከመላው ቤተሰብ ጋር