እናታችንን ላመናችኋት ሁሉ

ወንድማችን ዛሬ ደህና ነው። ደብረ ማርቆስ ገበያ ብቻውን ወጥቶ ይገባል፣ ሌሊት ይተኛል፣ ያ ሲሰድበው የነበረው ድምፅም ርቆለታል። እግዚአብሔር ይመስገን።

ስኪዞፍሬንያ የሚሉት የአእምሮ ሕመም ቤታችን ከገባ ዓመታት አልፈዋል። ሃሎፐሪዶልም ሪስፐሪዶንም የተባሉ መድኃኒቶች በቂ ጊዜ ተሞክረው አልረዱትም። ከዚያ ሌሎቹ አልረዳ ሲሉ የሚሰጠው መድኃኒት፣ ክሎዛፒን ተጀመረለት፤ እሱም የታሰበውን ያህል አልሠራም። ወሬው የመጣው ያኔ ነው። «ኪኒኑን እየተፋው ነው፣ እናቱም ትሸፍንለታለች» ተባለ። እናታችን እኮ ጠዋት ማታ በእጇ ነው የምታስውጠው! አፉን አስከፍታ፣ ምላሱን ወደ ላይ አስነስታ ታያለች። ከዚያ ውኃ ደግማ ታስጠጣዋለች።

ዶክተር፣ እርስዎ ግን አመኗት። «እማማ ያሉት እውነት ከሆነ ደሙ ይነግረናል» አሉ። የማታውን ከዋጠ 12 ሰዓት ሲሞላው፣ የጠዋቱን ሳይወስድ ደም ተቀዳ። ውጤቱ ሲመጣ መድኃኒቱ ደሙ ውስጥ አለ። ነገር ግን ብዙ ሕመምተኞች ለውጥ ማየት ከሚጀምሩበት ከ350 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ግማሹን እንኳ አይሞላም። ወዲያው «ሲጋራ ያጨሳል?» ብለው ጠየቁ። አዎ፣ በጣም ያጨስ ነበር። የሲጋራ ጭስ ጉበት ክሎዛፒንን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል ለካ! መጠኑን ቀስ በቀስ ጨመሩለት። ማጨስ ድንገት ካቆመ ደግሞ መድኃኒቱ በቀናት ውስጥ ደሙ ውስጥ ሊበዛ ስለሚችል፣ ከማቆሙ በፊት እንድንነግርዎት አስጠነቀቁን። ይህን ከዚያ በፊት የነገረን ሰው አልነበረም። እናታችን ያን ቀን ውጤቱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነው ወደ ቤት የገባችው።

ሲስተር፣ መድኃኒቱ ነጭ የደም ሴሉን እንዳያወርድበት ለመከታተል በየሳምንቱ ደም ሲቀዳ በስሙ እየጠራሽ፣ እያጫወትሽ ነበር። በሽተኛ ሳይሆን ሰው መሆኑን ያስታወስሽው አንቺ ነሽ።

መንገድ በተዘጋ ጊዜ መድኃኒቱን ከአዲስ አበባ ይዘህ የዓባይን በረሃ ያቋረጥክልን ሹፌር፣ ውለታህ ከባድ ነው። ክሎዛፒን ከ48 ሰዓት በላይ ከተቋረጠ እንደገና ከትንሽ መጠን ነው የሚጀመረው። ያ ሁሉ ልፋት ከንቱ ሊሆን ነበር።

አባታችን፣ እርስዎም ጠበሉን ሲሰጡት «ኪኒንህንም እንዳትተው» ብለውታልና ቡራኬዎ አይለየን። የሰፈራችን እናቶች፣ ቡና ጠርታችሁ እሱንም እንደ ሰው ስላስቀመጣችሁት እናመሰግናለን።

እናታችን ሁላችሁንም «ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ፣ ክፉ አይንካችሁ» ትላለች።

ቤተሰቡ፣ ከደብረ ማርቆስ