ግቢው ሲሰፋ መንገዱ ጨለመ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው ሲመሠረት እኔ ገና ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። ዛሬ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ቂጦ ፉርዲሳ በሚባለው ግቢ ነው፤ አጋሮ ከተማም ግቢ አለው። እኔ የምወደው ግን ተማሪዎቹ ለማኅበረሰብ አቀፍ ትምህርታቸው ቤት ለቤት ሲዞሩ ነው። እናቴ ጋ መጥተው ስለ ውኃና ስለ ሽንት ቤት ጠየቋት። እሷ ደግሞ ቡና ሳታጠጣ መች ትለቃለች! መጠይቁ ያለቀው ሦስተኛው ላይ ነው።

አንድ ነገር ይከነክነኛል። ከቤተ መጻሕፍት አምሽተው ወደ ኪራይ ቤታቸው የሚመለሱ ልጆች በጭቃና በጨለማ ነው የሚሄዱት። ዝናብ ከጣለማ የባጃጅ ዋጋ አይቀመስም። እባካችሁ፣ ከግቢው ውጭ ያለው መንገድ መብራት ይግባለት።

የሰፈሩ ነዋሪ፣ ከጅማ