ደብዳቤ ለልጄ፦ ጎማ ስትገዢ ኢንቹን ተዪው

ይድረስ ለልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ እናትሽም ሰላም ብላሻለች። «26 ጎማ ገዝቼ 26 ቸርኬ ላይ አልገባ አለኝ» ያልሽው ነገር በስልክ ተነግሮ የሚያልቅ ስላልሆነ ልጽፍልሽ ወደድሁ። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፣ ለብስክሌት ትመቻለች፤ ጎማና ቸርኬሽ ከተስማሙ ሌላው ቀላል ነው።

ገበያ ላይ «26 ኢንች» እየተባሉ የሚሸጡ የማይገናኙ ጎማዎች አሉ። 26 × 1.75 ተብሎ በነጥብ የተጻፈው የተራራ ብስክሌት ጎማ ነው፤ 559 ሚሊሜትር ቸርኬ ላይ ይቀመጣል። 26 × 1 3/8 ተብሎ በክፍልፋይ የተጻፈው ግን 590 ይፈልጋል። ልዩነቱ 31 ሚሊሜትር ስለሆነ ማንም ጉልበተኛ አያገባውም። 28ም እንዲሁ ነው፦ 28 × 1.75 የሚለው 622 ሲሆን፣ ረጃጅሞቹ የድሮ ብስክሌቶች የሚያደርጉት 28 × 1 1/2 ደግሞ 635 ነው። ባለሱቁ «ያው ነው» ካለሽ አትመኚው። የገዛሽው ሳይቆሽሽ መልሰሽ ውሰጂለት።

የምትፈልጊው ጎማው ጎን ላይ በጭረት የተያያዙትን ሁለት ቁጥሮች ነው፤ ለምሳሌ 47-559። የፊተኛው የጎማው ስፋት፣ የኋለኛው ደግሞ የጎማው ጠርዝ የሚያርፍበት የቸርኬ ዲያሜትር ነው፤ ሁለቱም በሚሊሜትር። በኋለኛው ቁጥር ላይ ድርድር የለም፣ ከአሮጌው ጎማሽ ጋር አንድ መሆን አለበት። የፊተኛው ይቻቻላል። የቸርኬሽ የውስጥ ስፋት ከ19 እስከ 25 ሚሊሜትር ከሆነ፣ ከ40 እስከ 50 ያለ ጎማ ይስማማዋል፤ ብቻ ከሹካውና ከፍሬኑ ጋር በየጎኑ 6 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ይቅርለት፤ ጭቃ ሲይዝ ያስፈልግሻል።

እውነቱን ለመናገር፣ እኔን ከማይገባው ጎማ ይልቅ በቀላሉ የሚገባው ነው የሚያሰጋኝ። 27 ኢንች የሚባለው ጎማ 630 ነው፤ 622 ቸርኬ ላይ ሸርተት ብሎ ይገባል፣ ተስማማ ትያለሽ። ጠርዙ ውስጥ ያለው የማይለጠጥ ሽቦ ግን ቸርኬውን አጥብቆ ስላልያዘው፣ ሲነፋ ወይም ቁልቁለት ላይ ጎማው ይወጣና አየሩን የሚይዘው የውስጥ ላስቲክ፣ ከመነዳሪው፣ ይፈነዳል።

ጎማውን ከመግጠምሽ በፊት ቸርኬውን ውስጡን እዪው። ቸርኬውን ከመሃሉ ጋር የሚያያይዙትን ሽቦዎች ራሶች የሚሸፍን ጥብጣብ መኖር አለበት። ቀዳዳዎቹን በሙሉ ይሸፍን፤ ነገር ግን ጠርዙ የሚያርፍበት ጎን ላይ አይውጣ፣ ከወጣ ጎማው አይቀመጥም። ጎሚስታዎች አሮጌ ከመነዳሪ ቆርጠው ያደርጉልሻል፤ ባለ አንድ ግድግዳ ቸርኬና ዝቅተኛ አየር ከሆነ ይሠራል። ባለ ሁለት ግድግዳ ቸርኬ ላይ፣ ማለትም ወለሉ ድርብ ሆኖ መሃሉ ክፍት በሆነው ላይ ግን አየሩ ላስቲኩን ወደ ቀዳዳው ይገፋውና ከመነዳሪው ከውስጥ በኩል ይበሳል። የጨርቅ ጥብጣብ ይሻላል። ብቅ ያለ የሽቦ ጫፍ ካለ በሞረድ ይስተካከል። አየር የሚሞላበትን የቫልቩንም ቀዳዳ እዪ፤ ለመኪና ዓይነቱ ቫልቭ የተሠራው 8.5 ሚሊሜትር ነው፣ ቀጭኑ ቫልቭ ግን 6.5 ይፈልጋል። ቀጭኑን በሰፊው ቀዳዳ ብታስገቢው ይንቀሳቀሳል፣ ከመነዳሪውም ከሥሩ ይቀደዳል።

አገጣጠሙ እንዲህ ነው። አንዱን ጠርዝ በሙሉ አስገቢ፤ በጎማው ላይ ያለውን ጽሑፍ ከቫልቩ ትይዩ አድርጊው፣ ምክንያቱን ወረድ ብዬ እነግርሻለሁ። ከመነዳሪውን ቅርጽ እንዲይዝ ብቻ ትንሽ ነፋ አድርጊና አስገቢው። ሁለተኛውን ጠርዝ ከቫልቩ ተቃራኒ ጀምሪና ቫልቩ ጋ ጨርሺ። ቸርኬው መሃሉ ላይ ዝቅ ያለ ቦይ አለው፤ ያስገባሽውን ጠርዝ ዙሪያውን እየጨመቅሽ ወደዚያ ቦይ ካወረድሽው ለመጨረሻው ቦታ ላላ ይልልሻል። ቫልቩ ጋ ብትጀምሪ የከመነዳሪው ወፍራም ሥር ቦዩን ይዘጋዋል። በካቻቢቴ አትታገዪ፤ ከመነዳሪውን ይበሳል፣ የጠርዙንም ሽቦ ያጣምማል። የሳሙና ውኃ ቀባ አድርገሽ በመዳፍሽ ግፊው። መጨረሻ ላይ ቫልቩን ወደ ውስጥ ገፋ አድርገሽ መልሰሽ ሳቢው፣ ከሥሩ የተቆነጠጠ ነገር እንዳይኖር።

አንድ ባር (ባር የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ያህል ንፊና ጎማውን አዙሪ። ከጠርዙ በላይ ያለው ቀጭን መስመር ከቸርኬው እኩል መራቅ አለበት። አንድ ቦታ ሰመጥ ወይም ከፍ ካለ አስተንፍሺና አስተካክዪ። ለአንቺ ክብደትና ለ47 ጎማ ከፊት 2.5 ባር፣ ከኋላ 3 ባር ይበቃል፤ ፒ.ኤስ.አይ በሚባለው ሌላ የግፊት መለኪያ 36 እና 44 ገደማ ማለት ነው። ከኋላ ዕቃ ከጫንሽ ግማሽ ባር ጨምሪ፣ ጎማው ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ግን አትለፊ። ለመኪና የተሠራ ኮምፕረሰር የብስክሌት ጎማ በሰከንዶች ስለሚሞላ፣ ጎሚስታውን በትንሽ በትንሹ እንዲለቅ ንገሪው።

ሲበሳብሽ የቀዳዳው ቦታ ራሱ ምክንያቱን ይናገራል። ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ከሆነ አየሩ አንሶ ድንጋይ ወይም ጉድጓድ ከመነዳሪውን ከቸርኬው ጋር ቆንጥጦታል። በቸርኬው በኩል ከሆነ ጥብጣቡ ነው። ቫልቩ ሥር ከተቀደደ ጎማው ቸርኬው ላይ እየተንሸራተተ ነው፣ ይኸውም ብዙ ጊዜ ከአየር ማነስ ይመጣል። በመንገዱ በኩል ከሆነ እሾህ ነው፤ የግራር እሾህ ጎማው ውስጥ ተሰብሮ ስለሚቀር፣ ከመነዳሪ ብቻ ብትቀይሪ በማግሥቱ ይበሳዋል። ጽሑፉን ከቫልቩ ትይዩ አድርጊ ያልሁሽ ለዚህ ነው፤ ከመነዳሪውን ጎማው ላይ ደርበሽ ቦታውን ታገኚዋለሽ። ውስጡን በጣትሽ ሳይሆን በጥጥ ዳብሺው፤ ጥጡ ሲያዝ እሾሁ እዚያ አለ። ለመለጠፍ በብርጭቆ ወረቀት ፍቂው፣ ማስቲሽ ቀጭን አድርገሽ ቀቢና ማብረቅረቁን እስኪተው ጠብቂ። ብዙ ሰው እርጥቡ ላይ ይለጥፋል፤ ለዚህ ነው ላስቲኩ የሚነሳው።

ፍሬንሽ ቸርኬውን የሚይዝ ዓይነት ስለሆነ የቸርኬውን ጎን አልፎ አልፎ በጥፍርሽ ዳብሺ። አንዳንዱ ላይ የመበላት ምልክት የሆነ ቀጭን ቦይ አለ፤ ቦዩ ከጠፋ ወይም ጎኑ እንደ ሳህን ሰርጎ ከተሰማሽ ግድግዳው ሳስቷል፣ የአየሩ ግፊት ሊሰነጥቀው ይችላል። ያን ጊዜ ምንም ጎማ አትግጠሚበት፤ የቸርኬውን ዋጋ ጠይቂና ደውዪልኝ፣ እልክልሻለሁ።

አባትሽ