ከድሬዳዋ፣ ለሂሩት

ይድረስ ለውድ እህቴ ለሂሩት፤

እንዴት ከርመሻል? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አሁን ደህና ነኝ። ዝም ያልኩት አኩርፌ አይደለም፤ ታምሜ ነው። ስለ ተቅማጥ ደብዳቤ መጻፍ ደግሞ ማንን ያሰኘዋል?

በሽታው የክሮን ሕመም ይባላል። የሰውነት መከላከያ በገዛ አንጀት ላይ ተነሥቶ ያቆስለዋል። ሐኪሞቹ በመጀመሪያ የአንጀት ቲቢ አለመሆኑን ለማጣራት ብዙ ደከሙ፤ በኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም በፊንጢጣ በሚገባ ካሜራ ባለው ቱቦ፣ ሲታዩ ሁለቱ መንትዮች ናቸው። የክሮን መድኃኒት መከላከያን ስለሚያዳክም፣ ቲቢ ላለበት ሰው ቢሰጥ ጉድ ነው።

ፕሬድኒሶሎን የሚባለው የስቴሮይድ ኪኒን ቁርጠቱን አስታገሠልኝ፤ በምትኩ ፊቴን አሳበጠው፣ እንቅልፌንም ወሰደው። እየቀነሱ እንጂ በአንድ ጊዜ አያቆሙትም። ቀጥሎ አዛታዮፕሪን የሚባል የሰውነት መከላከያን የሚያበርድ ኪኒን ጀመርኩ፤ እርሱ እስኪሠራ ወራት ይፈጃል፣ ደምም በየጊዜው መታየት አለበት።

የትንሹ አንጀቴ መጨረሻ ግን ጠባሳ ሠርቶ ጠቦ ነበር፤ ጠባሳን ኪኒን አይከፍተውም። አዲስ አበባ ሄጄ ተቆርጦ ወጣልኝ። ጎረቤቶቼ «እንኳን ተነቅሎ ወጣልሽ» ይሉኛል፤ ምርቃታቸውን እቀበላለሁ፤ ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። አልሰረቲቭ ኮላይቲስ የሚባለው የክሮን ዘመድ በሽታ ቢሆን ትልቁን አንጀት ብቻ ስለሚይዝ፣ እርሱ ሙሉ በሙሉ ሲወጣ የአንጀቱ ቁስል አብሮ ይሄዳል። ክሮን ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትም ሊነሣ ይችላል፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ብዙ ጊዜ የሚመለሰውም እዚያው ስፌቱ አጠገብ ነው። ስለዚህ ኪኒኔን እውጣለሁ። ቫይታሚን ቢ12 የሚመጠጠው በወጣው ክፍል ስለነበር መርፌውንም እወጋለሁ።

የምግብ መካሪዬስ ብዛቱ! አንዷ አብሽ፣ ሌላዋ የግመል ወተት። ለሕፃናት ከ6 እስከ 8 ሳምንት የተመጣጠነ ፈሳሽ ምግብ ብቻ በመስጠት ቁስሉን ማብረድ ይቻላል፤ ከሥሩ የሚነቅል ምግብ ግን የለም። አንጀቴ ጠቦ ሳለ ቆሎና ጥሬ አትክልት ተከልክዬ ነበር፤ አሁን እንጀራዬን እበላለሁ። ተቅማጡ ሲነሣ በዚህ በድሬ ሙቀት ውሃ ቶሎ ስለሚያልቅብኝ በውሃ የሚበጠበጠው ኦአርኤስ ከቤት አይጠፋም። ሲጋራ በሽታውን ያባብሳል፣ መመለሱንም ያፋጥናል ሲሉኝ በበርጫ ላይ የማጨሳትን ትቻለሁ፤ በርጫውንም ራሱን፣ የምግብ ፍላጎቴን ስለሚዘጋው። እዚህ አገር ይህ ቀላል እንዳይመስልሽ።

በታኅሣሥ ለቁልቢ ገብርኤል ስትመጪ እኔ ዘንድ ነው የምታድሪው። አዛታዮፕሪን እዚህ አንዳንድ ጊዜ ስለሚጠፋ፣ ከመነሣትሽ በፊት በሠፈርሽ መድኃኒት ቤት መኖሩን ጠይቂልኝ፤ ማዘዣውን እልክልሻለሁ።

ያንቺው ጽጌ