የሲክስዌይስ መብራት

በርሚንግሃም፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፦

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህስ? ልጅህስ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን፤ ከናፍቆትህ በስተቀር የጎደለብን የለም።

ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም ማለቴ ምክንያት አለው ብዬ ልዋሽህ አልፈልግም። ተቀይሜህ ነበር፤ ቂሙ ካለፈ በኋላ ደግሞ ሐፍረት ያዘኝ። የልጅህን ክርስትና ከሌላ ሰው የሰማሁ ቀን ስልኩን አንስቼ ቁጥርህን እስከ መጨረሻው አሃዝ ከጻፍኩ በኋላ መልሼ አስቀመጥኩት። ያንን ቀን ሳስታውስ ዛሬም ፊቴ ይቀላል። እንግዲህ ይቅር በለኝ። እንኳን ማርያም ማረችልህም ይኸው ዘግይቶ ይድረስህ።

የተጣላንበትን ሌሊት ታስታውሳለህ። የዉስተር ከተማ ራግቢ ቡድን በዕዳ ፈርሶ፣ ተጫዋቾቹ ውላቸው ተቋርጦ የተበተኑበት ሰሞን ነበር፤ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2022። (ዓመቶቹን ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።) አንተ ከአየርላንድ፣ ከሊምሪክ ደውለህ፣ «ምሰሶው አንድ ሰው የሆነ ቤት ሰውዬው ሲነሳ ይወድቃል አላልኩህም?» አልከኝ። ልጄ የዉስተርን ማልያ ለብሶ አጠገቤ ተኝቶ ነበር። ስልኩን ዘጋሁብህ። ትክክል መሆንህ ነበር ያናደደኝ።

ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ ነገር ትንሽ ነው። አሁንም የጭነት መኪና እየነዳሁ ነው፤ ከበርሚንግሃም ብሪስቶል፣ በኤም 5 አውራ ጎዳና። የዉስተር ስታዲየም ሲክስዌይስ ስድስተኛው መውጫ አጠገብ መሆኑን አብረን ሄደን አይተኸዋል። ቡድኑ ከፈረሰ ወዲህ በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ቀና ብዬ አያለሁ፤ የመብራት ምሰሶዎቹ ጨለማ ውስጥ ቆመው ሲታዩ እሳት እንደበላው ጫካ ነበሩ። በዚህ መከር አንድ ማታ ግን በርተው አገኘኋቸው። ጨዋታ ይሁን ልምምድ አላወቅሁም፤ ብርሃኑ ከመንገዱ በላይ በጭጋግ ውስጥ ነጭ ሆኖ ተንጠልጥሏል። ስትረንሻም ማረፊያ ስደርስ መኪናውን አቆምኩና ይህን ደብዳቤ በጭነት ማስረከቢያ ወረቀት ጀርባ ላይ ጀመርኩት። ዉስተር ዘንድሮ ወደ ውድድር ተመልሷል፤ በሁለተኛው እርከን ነው፤ ቢሆንም ተመልሷል።

እና ክርክራችንን ካቆምንበት ልቀጥለው። አንተ እንግሊዝም በባለጸጋ እጅ ያሉ ክለቦቿን ትታ እንደ አየርላንድ በክፍለ ሀገር ትደራጅ ትል ነበር። ትክክል ነበርክ፤ ነገር ግን ግማሹን ብቻ።

ትክክል የነበርክበትን ላስቀድም። በኦገስት 1995 ፓሪስ ላይ የራግቢ ተጫዋቾች ደመወዝ እንዲከፈላቸው ሲፈቀድ አየርላንድ አራት ክፍላተ ሀገሯ ነበሯት፤ ማንስተር፣ ሌንስተር፣ አልስተርና ኮናክት። ፌዴሬሽኑ ተጫዋቾቹን ራሱ ቀጥሮ በእነዚህ ቡድኖች አሰለፋቸው። እንግሊዝ ግን ለአንድ ዓመት እናስብበት አለች። በዚያች ዓመት ባለጸጎቹ ቀደሙ። የኒውካስልን ክለብ ሰር ጆን ሆል፣ ሳራሰንስን ናይጅል ሬይ፣ ሪችመንድን አሽሊ ሌቬት ያዙ። የእንግሊዝ ፌዴሬሽን ከእንቅልፉ ሲነቃ ተጫዋቾቹ በሰው እጅ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ለብሔራዊ ቡድን ልጅ ሲፈልግ ከባለቤቶቹ ጋር እየተደራደረ ሠላሳ ዓመት ኖረ።

ሪችመንድና ለንደን ስኮቲሽ በ1999 ወደቁ፤ የፕሮፌሽናል ክፍላቸው ከለንደን አይሪሽ ጋር ተቀላቀለ። ሁለቱን የዋጠው ለንደን አይሪሽ ራሱ ደግሞ በ2023 ከሊጉ ወጣ። በመካከሉ በኦክቶበር 2022 ዉስተር ሄደ፤ ከ1867 ጀምሮ የነበረው፣ ሁለት ጊዜ የአውሮፓ ዋንጫ ያነሳው ዋስፕስም በዚያው ወር ተከተለው። ዋስፕስን ሳስብ ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ መንከራተቱ ነው። ከለንደን ወደ ዊኮም፣ በ2014 ደግሞ ከዊኮም ወደ ኮቨንትሪ፤ ደጋፊውን ጥሎ ስታዲየም ፍለጋ። ቡድን እንደ ዕቃ ከከተማ ከተማ ሊጫን የቻለው የአንድ ድርጅት ንብረት ስለሆነ ነው። ማንስተርን ጭኖ ደብሊን የሚያራግፍ ሰው ይኖራል? አይኖርም። ይህንን ነበር ልታስረዳኝ የሞከርከው።

በዉስተር ግን ትንሽ ቅር ይለኝ ነበር፤ አሁንም ይለኛል። ክለቡን ከታችኛው ሊግ አንስቶ በ2004 ፕሪሚየርሺፕ ወደሚባለው ከፍተኛ ሊግ ያደረሰው የውሃ ማሞቂያ ፋብሪካ የመሠረተው ሴሲል ዳክዎርዝ ነው። የአገሩ ሰው ነበር፤ ገንዘቡን የቀበረው ከደጁ ነው። ስለ ባለጸጋ ስናወራ ሁሉንም በአንድ ጅራፍ መግረፍ አይገባም። ችግሩ ሰውዬው አልነበረም፤ ከእሱ በኋላ ኃላፊነቱን የሚረከብ አካል አለመኖሩ ነው።

አሁን ወደ አንተ ከተማ ልሂድ። ሊምሪክ የወሰድከኝን ቅዳሜ አልረሳሁትም። የማንስተር ሜዳ ቶመንድ ፓርክ፣ ዝናብ፣ ያ የሰጠኸኝ ቀይ ሻርፕ። የተጋጣሚው ቡድን መቺ ኳሱን ሣሩ ላይ ሲያስተካክል ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ለራሳቸው ልጅ መስሎኝ ነበር፤ ለባላጋራውም ነው። ከኋላችን አንድ ሕፃን ሲያስነጥስ ተሰማኝ፤ መቺው ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሲሄድ ጫማው ጭቃውን ሲጠባ የሰማሁ መሰለኝ። እንዲህ ያለ ጸጥታ ከቅዳሴ ውጭ አይቼ አላውቅም። ያን ጊዜ ነው ቡድኑ የእነዚህ ሰዎች መሆኑ የገባኝ።

ነገር ግን ጎረቤትህ የነበሩት ሽማግሌ ያሉትንም አልረሳሁም። በመጀመሪያ በ1978 ማንስተር ኒውዚላንድን 12 ለ 0 ያሸነፈበትን ቀን በኩራት አወሩን። ከዚያ ሻይ ሲቀርብ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ድሮ የከተማው ክለቦች ሻነንና ጋሪዮውን ሲጋጠሙ ከተማው ለሁለት ይከፈል እንደነበር፣ ዛሬ ግን የክለቦቹ ሜዳ ዳር የሚቆመው የተጫዋቾቹ ዘመድ ብቻ መሆኑን ነገሩን። ቀዩን ማልያ ትልቅ ያደረገው ነገር ትንንሾቹን ማልያዎች አደብዝዟል። አንተ ይህን ስትከራከረኝ ዘለልከው። እኔም ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

ግማሹን ብቻ ያልኩህ ለዚህ ነው። እንግሊዝም ክለቦቿን ትታ በክፍለ ሀገር ትደራጅ ስትል፣ ክፍለ ሀገሩ ከየት ይመጣል? የእናንተው ማንስተር ራግቢ ከመፈጠሩ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የነበረ ስም ነው። እዚህ ያለውን ተመልከት። በ1974 መንግሥት በርሚንግሃምንና ኮቨንትሪን በአንድ ላይ አድርጎ ዌስት ሚድላንድስ የሚባል አዲስ አውራጃ አቋቋመ። እኔ የምኖረው እዚያ ውስጥ ነው፤ በዚህ ስም ሲዘፍን የሰማሁት ሰው የለም። በዚያው ዓመት ዉስተርን ከሄርፎርድ ጋር አጣበቁት፤ በ1998 መልሰው አላቀቁት። ካርታ ማስመሪያ ለያዘ ሰው ይታዘዛል። ሰው ግን አይታዘዝም።

ዌልስ ይህንን በደሟ ነው የተማረችው። በ2003 ክለቦቿን አጣምራ አምስት የአካባቢ ቡድን ሠራች። ፖንቲፕሪድና ብሪጀንድ ተዋህደው ሴልቲክ ዋሪየርስ ተባሉ። ያ ቡድን የቆየው አንድ የውድድር ዘመን ብቻ ነው፤ በ2004 ተዘጋ፤ በድንጋይ ከሰል ሸለቆዎቹ ውስጥ ራግቢን እንደ እንጀራ የሚያዩ ሰዎች የራሳቸው የሚሉት ትልቅ ቡድን አጥተው ቀሩ። የቀሩት አራቱም እፎይ አላሉም። ዘንድሮ ካርዲፍ ከስሮ ፌዴሬሽኑ ወሰደው፤ አራቱንም ወደ ሦስት ለመቀነስ ወስነዋል። የአካባቢ ቡድን የሚለው ስም ብቻውን ካዝና አይሞላም።

እንግሊዝ ውስጥ አካባቢ የሚባል ፍቅር የለም ማለቴ ግን አይደለም። አለ፤ የት እንዳለ አለቆቹ አይፈልጉትም እንጂ። የአውራጃዎች ሻምፒዮና ከ1889 ጀምሮ የነበረ ውድድር ነው። በ1991 ኮርንዎል ለፍጻሜ ስትደርስ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ጥቁርና ወርቃማ ለብሰው የለንደኑን ትዊክንሃም ስታዲየም ሞሉት፤ ዮርክሸርን በተጨማሪ ሰዓት 29 ለ 20 አሸነፉ። ያች በምዕራብ ጫፍ ያለች አውራጃ እስከ ዛሬ አንድም የፕሪሚየርሺፕ ቡድን ኖሯት አያውቅም። ሰሜኑንም እይ። የሰሜን እንግሊዝ ምርጥ ቡድን በ1979 ኦትሊ በምትባል ትንሽ ከተማ ኒውዚላንድን 21 ለ 9 ረቷል። የእናንተ ድል ተዘፍኖለት የእነሱ ተረሳ፤ ምክንያቱም ያ ቡድን በማግስቱ የሚሄድበት ቤት አልነበረውም።

ዮርክሸርማ ሌላ ቁስል ነው። ከአውራጃ ሻምፒዮናው የመጀመሪያ ስምንት ዋንጫዎች ሰባቱን የወሰደች ናት። በማዕድንና በፋብሪካ የሚሠሩት ልጆቿ ቅዳሜ ሲጫወቱ የሚቀርባቸውን ደመወዝ እንዲከፈላቸው ክለቦቹ ጠየቁ፤ ተከለከሉ። በኦገስት 1895 ሀደርስፊልድ ከተማ ሆቴል ውስጥ ተሰብስበው ተገነጠሉ፤ ዛሬ ራግቢ ሊግ የሚባለው ሌላው ጨዋታ የተወለደው ከዚያ ነው። የዛሬውን የእንግሊዝ ራግቢ ካርታ ስታይ ያ መቃቃር ገና አልጠገገም። ሊድስ በ2011 ከፕሪሚየርሺፕ ከወረደ ወዲህ ያ ሁሉ ሕዝብ ያለበት ዮርክሸር አንድ ቡድን የለውም። ከፕሪሚየርሺፑ አስር ቡድኖች ሰሜኑ ያለው ሁለት ብቻ ነው፤ ሴልና ኒውካስል። ኒውካስልም ዘንድሮ ተሽጦ በመጠጥ ኩባንያ ስም ይጠራል። ከመዘጋት ይሻላል፤ ግን ልቤን አላሞቀውም። ከሚሊዮን በላይ ሰው የሚኖርባት በርሚንግሃምም ባዶዋን ናት።

ስለዚህ እኔ የምለው ይህ ነው፤ አንተም ፍረደኝ። ሌስተር፣ ግሎስተር፣ ኤክሰተር፣ ባዝ፣ ኖርዝሃምፕተን ስማቸው አይነካ። ግሎስተር ኪንግስሆልም ሜዳ፣ ሼድ በሚሉት የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቆሞ የሚጮኸውን ሕዝብ «ከዛሬ ጀምሮ የደቡብ ምዕራብ ቡድን ደጋፊ ነህ» ቢሉት ቤቱ ይገባል። እነዚህ ክለቦች እንደ ክፍለ ሀገር ቆጥሯቸው። ለእያንዳንዳቸው አካባቢ ይሰጣቸው፤ በዚያ ወሰን ውስጥ ላለው ትምህርት ቤትና ትንሽ ክለብ ሁሉ ተጠያቂ ይሁኑ። ዋና ተጫዋቾቹን ፌዴሬሽኑ ይቅጠር፤ እንደ አየርላንድ። ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ በ2024 የተፈራረሙት የስምንት ዓመት ውል ወደዚያ ግማሽ መንገድ ሄዷል፤ ለክለቦቹ በመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት በየዓመቱ 33 ሚሊዮን ፓውንድ ይሰጣል፤ እስከ 25 የሚደርሱ የብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾችም ከፌዴሬሽኑ ጋር ልዩ ውል ይኖራቸዋል። ሌላውን ግማሽ ግን ማንም ደፍሮ አልነካውም። አዲስ ቡድን መቆም ያለበት ቦታው ባዶ በሆነበት ብቻ ነው፤ ሊድስ፣ ኮርንዎል፣ በእኛም በኩል። እዚያ የፌዴሬሽኑ ገንዘብ ይግባ፤ ባለቤቱም አካባቢው ይሁን፤ ባለጸጋ ሊረዳ ይችላል፤ ቁልፉን ግን ይዞ አይሄድም።

ክለቦቹ በ2003 የዓለም ዋንጫ ያነሳውን ቡድን ያፈሩ ናቸው ብዬ ስሟገትህ የነበረውንም አልክድም። እውነት ነው፤ አፍርተዋል። ግን አብዛኞቹ በየዓመቱ ይከስራሉ፤ በባለቤቱ ኪስ የሚደፈን ቀዳዳ ደግሞ የሰውዬው ልብ እስኪቆርጥ ድረስ ብቻ ነው የሚደፈነው።

ልጄ አሁን አስራ ሁለት ዓመቱ ነው። እሁድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሰፈራችን ካለው ትንሽ ክለብ ጋር ይጫወታል፤ ጭቃውን ከጆሮው ሥር ማታ አጥበን አንጨርሰውም። የዉስተር ማልያው ጠቦታል፤ ታናሽ እህቱ ወርሳዋለች፤ እጅጌውን ሦስት ጊዜ አጥፋ ትለብሰዋለች። የስታዲየሙ መብራት እንደበራ ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «አጎቴ ያውቃል?» አለኝ። አጎቴ የሚለው አንተን ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ስምህን ሳላነሳበት አልረሳህም።

የሊምሪኩ ቀይ ሻርፕ መኪናው ውስጥ ከመቀመጫዬ ኋላ ተሰቅሏል። በየካቲት ወይም በመጋቢት ጥቂት ቀን ፈቃድ አግኝተህ ብትመጣ አራታችን ሲክስዌይስ እንሄዳለን፤ ትኬቱን እኔ እቆርጣለሁ። እዚያ መቺው ሲቆም ሰው ጸጥ አይልም፤ አንተ ግን እንደ አገርህ ልማድ ጸጥ በል፤ እኔና ልጆቹ አብረንህ ጸጥ እንላለን። መልስህን በደብዳቤ ቢሆን እወዳለሁ፤ ስልክ ከመረጥክም ከማታው ሁለት ሰዓት በኋላ ቤት ነኝ። ቁጥሬ አልተለወጠም።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ልጅህን ሳምልኝ።

አክባሪ ወንድምህ