በላ ልበልሃ፦ የክርክር ክበባችን የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የክርክር ክበባችን ዘንድሮ "ዘመናዊ ኑሮና እኛ" በሚል ርዕስ ሲሟገት ከረመ። ርዕሱን የመረጡት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ጥያቄዎቹም ከየቤታቸው የመጡ ነበሩ። የኮንዶሚኒየም ጉርብትና፣ ዕድር፣ የሠርግ ወጪ፣ ስልክ፣ አረጋውያንን መጦር፣ የቤት ውስጥ ሥራ። ስለዚህ ማንም ከኢንተርኔት የተገለበጠ ወረቀት ይዞ አልመጣም። ይዘው የመጡት እናታቸውን፣ አያታቸውንና ጎረቤታቸውን ነው።

ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ እንሰበሰባለን። ሁለት ደንብ አለን። አንደኛው፣ ወገን የሚለየው በዕጣ ነው። ያመንበትም ይሁን ያላመንበት፣ የደረሰንን ይዘን እንሟገታለን። ሁለተኛው፣ ማንም መልስ ከመስጠቱ በፊት ባላጋራው ያለውን በራሱ አነጋገር ይደግማል። ባላጋራው "አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው" ካላለ ወደ መልስ አይታለፍም። ይህ ደንብ በኅዳር ብዙ አጨቃጭቋል። "ጊዜ ይበላል" የሚሉ ነበሩ። በጥር ግን እኔ አስተባባሪያቸው ሳልናገር እርስ በርሳቸው "መጀመሪያ ያለችውን ድገም!" እየተባባሉ ያስከብሩት ጀመር።

አከፋፈታችንን ከአባቶቻችን ወስደነዋል። ድሮ ተሟጋቾች በዛፍ ጥላ ሥር ቆመው "በላ ልበልሃ" እየተባባሉ፣ ነገራቸውን በግጥም እያዋዙ፣ ማር ወይም በቅሎ እየተወራረዱ ይሟገቱ ነበር። መንገደኛም ቢሆን ዳኛ ሁን ከተባለ ቁጭ ብሎ ይሰማል። ተማሪዎቹ ይህን ሲያውቁ እነሱም የቀኑን ዳኛ በኮሪደር ከሚያልፍ ሰው መካከል መጥራት ጀመሩ። የጽዳት ሠራተኛ፣ የሒሳብ መምህር፣ ልጁን ሊወስድ የመጣ ወላጅ ፈርደውልናል።

በጣም የማስታውሰው የዕድሩን ክርክር ነው። "ዕድር ጊዜው አልፎበታል" የሚለው ወገን ለአንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ደረሳት። እናቷ የሰፈራቸው ዕድር ገንዘብ ያዥ ናቸው። ልጅቷ ፊቷ ቅጭም አለ። ሳምንቱን ሙሉ ግን እናቷን ስትጠይቅ ከርማ መጣች። እንዲህ ብላ ጀመረች። አዲስ አበባ ውስጥ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ከተጀመረበት ከ1990ዎቹ ማብቂያ ወዲህ ሰው ቤት የሚደርሰው በዕጣ ነው። ዕጣው ደግሞ ጎረቤት ከጎረቤት ይለያያል። ቤቱ ቱሉ ዲምቱ ወይም የካ አባዶ የደረሰው ሰው የድሮ ሰፈሩን ዕድር አይተውም፣ ወር በወር ይከፍላል። ለቅሶ ሲኖር ግን መርዶው ደርሶት፣ አለቃውን አስፈቅዶ፣ ታክሲ ተጋፍቶ ሲደርስ ቀብሩ አልቋል። በዚያ ላይ ቀርተሃል ተብሎ ይቀጣል። "ታዲያ ይህ መረዳዳት ነው ወይስ ዕዳ?" አለች።

ተቃዋሚዋ ደንቡን ጠብቆ ያለችውን አንድ በአንድ ደገመ። አዎ አለችው። ከዚያ ቀጠለ። በኤች አይ ቪ ዘመን ብዙ ዕድሮች ከቀብር አልፈው በሽተኛ ሲያስታምሙና ወላጅ ያጡ ልጆችን ሲደግፉ እንደነበር አነሣ። ኢንሹራንስ ገንዘብ ይሰጣል፣ ሦስት ቀን አብሮ የሚቀመጥ ሰው ግን አይሰጥም አለ። የኮንዶሚኒየም ሰውም ብሎኩ ላይ አዲስ ዕድር እያቋቋመ ነው፤ ጊዜው ቢያልፍበት ኖሮ ማን ይህን ሁሉ ይደክማል? ሲል ጠየቀ።

የዚያን ቀን ዳኛ የጥበቃ ሠራተኛችን ነበሩ። ተማሪው ሁሉ አባባ ነው የሚላቸው። ከመፍረዳቸው በፊት አንድ ነገር ጠየቁ፦ "ከእናንተ ውስጥ ድንኳን ሲተከል ገመድ ይዞ የሚያውቅ ማነው?" ጥቂት እጆች ብቻ ወጡ። አንደኛው እጅ "ዕድር ይቅር" ከሚለው ወገን ነበር። አባባ ለልጅቷ ፈረዱላት። ምክንያታቸውም ግልጽ ነበር። "እኔ ዕድርተኛ ነኝ፣ አልተውም። ቅጣቱን ግን ማስተካከል አለብን። እሷ ያለችው በስብሰባችን መነሣት አለበት" አሉ። የራሱን እምነት ሳይለቅ የሌላውን እውነት የሚቀበል ዳኛ ማግኘት ለተማሪ ትልቅ ትምህርት ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለ ስልክና ስለ ሠርግ የተደረጉት ክርክሮች ሞቅ ያሉ ነበሩ፣ ግን የተለመደውን ከማለት ብዙም አልራቁም። የየካቲቱ ግን ከባድ ነበር። "አረጋዊ ወላጅን ማዕከል ማስገባት ነውር ነው" የሚል ነው። አንደኛው ወገን ቢኒያም በለጠ የመሠረተውን የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል፣ መቄዶንያን ጠቀሰ። ሌላው፣ መቄዶንያ የሚያነሣው ጧሪ የሌላቸውን ነው፣ የእኛ ጥያቄ ልጅ ስላላቸው ወላጆች ነው ብሎ አረመ። ትክክል ነበር። ከዚያ ሁሉም "ቤተሰቡ ይጡር" ወደሚለው አዘነበሉ። ይህን ጊዜ አንዲት ተማሪ ተነሣች። "ቤተሰብ ማን ነው?" አለች። "አያቴን ሌሊት ሽንት ቤት የማደርሳት እኔ ነኝ። ወንድሜ ተኝቷል። ፈተና ግን ሁለታችንም አለብን።"

የዓመቱ ምርጥ ነጥብ ይህ ነበር። ሁለቱም ወገን ሲሟገት የቆየው ቤተሰብ ውስጥ ማን እንደሚደክም ሳይጠይቅ ነው። በሚቀጥለው ሐሙስ ርዕሱን ቀይረን የቤት ውስጥ ሥራን አነሣን። አንድ ተማሪ ከቤተ መጻሕፍት የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንብቦ መጣ። በዚያ ሕግ የቤተሰቡ ራስ ባል ነበር፣ ሴት ልጅም በ15 ዓመቷ ማግባት ትችል ነበር። አዲስ አበባ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የወጣው በ1992 ነው። ባልና ሚስትን እኩል አደረገ፣ የጋብቻ ዕድሜንም ለሁለቱም 18 አለ። ወንዶቹ ልጆች ተገረሙ፤ ከጥንት ጀምሮ እኩል የነበረ መስሏቸው ኖሯል። ሕጉ ሩብ ምዕተ ዓመት ሆኖታል። ሊጥ የሚያቦካው፣ አልጋ የሚያነጥፈው፣ በሽተኛ የሚያስታምመው ግን አሁንም በብዙ ቤት ያው ነው። ሁለት ወንዶች ልጆች ከዚያ ወዲህ ቤታቸው ምን እንደጀመሩ ነግረውኛል። እናቶቻቸው እዚህ ላይ እንዲያነቡት ስለማይፈልጉ ትቼዋለሁ።

በግንቦት የወላጆች ቀን አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። "ልጄን ያላመነችበትን ለምን ታሟግቷታላችሁ? ይህ ውሸት ማስለመድ አይሆንም ወይ?" አሉ። ከባድ ጥያቄ ነው። ያሉትን በደንባችን መሠረት ደገምኩላቸው፣ "አዎ" አሉ። እኔም ከእያንዳንዱ ክርክር በኋላ "የራስ ቃል" የሚባል ጊዜ እንዳለን ነገርኳቸው። በዚያን ጊዜ እያንዳንዱ ተማሪ ዕጣውን አስቀምጦ የሚያምንበትን ይናገራል። የዕድር ገንዘብ ያዧ ልጅ በዚያ ሰዓት "ዕድር ይኑር፣ ደንቡ ይለወጥ" ነው ያለችው። ያላመነችበትን ባትሟገት ኖሮ ሁለተኛውን ግማሽ አታገኘውም ነበር።

አባትየው ግማሹን ተቀበሉ፣ ግማሹን አልተቀበሉም። ስለዚህ በአዲሱ ዓመት የመጀመሪያው ክርክር ዳኛ እንዲሆኑ ጠየቅናቸው፣ እሺ ብለዋል። ርዕሱም ተቆርጧል፦ "ለሠርግ ተበድሮ መደገስ ተገቢ ነው"። መግባት የሚፈልጉ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች በመስከረም ስማቸውን ለክበቡ ጸሐፊ ያስመዝግቡ። ወገን በዕጣ ነው።